እምቦጩን ማን ይቀልበዋል?

የጣና ነገር ሲነሳ እኛ የከተማ ልጆች ቶሎ ይሞቀናል። ቲሸርት እናሳትማለን፣ ብር እናዋጣለን፣ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ አረም የሚነቅለውን ገበሬ ፎቶ እንቀባበላለን። ክፋት የለውም። ግን እስቲ አንድ ጥያቄ፤ አረሙ ምን እየበላ ነው እንዲህ የሚፋፋው?

የሚበላው ከማሳ ታጥቦ የመጣ ማዳበሪያና አፈር ነው። (የባሕር ዳርና የጎንደር ፍሳሽም አለበት፤ ከተሜው ነፃ ነው አላልንም።) እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል። ታዲያ እኛ ከታች በእጃችን እየነቀልን፣ ከላይ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል አባይ ቀለቡን በየክረምቱ ሲያደርሱለት መቼ ልናልቅ ነው?

ገበሬውን «አካባቢህን ጠብቅ» ብንለው አይሰማንም፤ አይፈረድበትም። በኪሱ በኩል እንምጣ። ማዳበሪያ ዛሬ ስንት እንደሚሸጥ እሱ ከኛ ይልቅ ያውቃል። ዩሪያ ውሃ ሲነካው ወዲያው ይሟሟል፤ ዶፍ ሊወርድ ሲል የተበተነ ዩሪያ ሰብሉ ሳይቀምሰው ነው ወንዝ የሚገባው። በቆሎ ከሆነ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በዘር ጊዜ፣ ቀሪውን ጉልበት ሲደርስ ሰጥቶ አፈር ማልበስ ነው። ፎስፈረስ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው፤ አፈር ላይ ተጣብቆ ነው የሚጓዘው። አፈሩን በእርከንና አግድም በማረስ ያስቀረ፣ ፎስፈረሱንም አስቀረ። የመርጫ መሣሪያን ወንዝ ውስጥ አለማጠብማ ምንም ወጪ የለውም።

ዋናው ጣጣ ያለው ግን ዳርቻው ላይ ነው። ደንገል ለታንኳ መሥሪያ ብቻ አይደለም፤ ሥሩና ግንዱ የሚመጣውን ደለል ይይዛል፣ ማዳበሪያውንም ሐይቁ ሳይደርስ ይመጥጣል። ሐይቁ በበጋ ሲሸሽ የሚታረሰው ባሕር ሸሽ መሬት እየሰፋ በሄደ ቁጥር ይህ ወንፊት ይቀደዳል። ያቺ መሬት ደግሞ ለብዙ ቤተሰብ የዓመት ጎሮሮ መድፈኛ ናት። «ተዋት» ማለት ለኛ ቀላል ነው፤ እኛ አናርሳት!

ስለዚህ የምንለው ይሄ ነው። በየዘመቻው ከሚዋጣው ብር የተወሰነው ዳርቻውን ላልታረሰ ገበሬ ካሣ ይሁን። በወንዞቹ ግራና ቀኝ ጥቂት ሜትር ስፋት ያለው የዝሆን ሣር ይተከልለት፤ አፈሩን ይይዝለታል፣ አጭዶ ለላሙ ይሰጣል። ሣር ሲያድግ የሚያሳይ ፎቶ ብዙ «ላይክ» እንደማያመጣ እናውቃለን።