ለመርከቡ ሰዎች ንገሯቸው

የሐምሌ ዕረፍት ሲቃረብ ስቶክሆልም የምንኖር ወላጆች እርስ በርስ የምንጠያየቀው ነገር አለ። ሄልሲንኪ ሰርግ ተጠርተናል፤ ቱርኩ ክርስትና አለ፤ መርከቡ ማታ ይዞን ጠዋት ያደርሰናል። ታዲያ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ይዞ መርከብ ላይ እንዴት ይታደራል? አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ምክር «ለሁለት ቀን አይደል፣ ለእህትሽ ትተሽው ሂጂ» የሚል ነው። ምክሩ ከክፋት የመጣ አይደለም። እኔ ግን አልቀበለውም። ልጄ ኦቲዝም አለበት፤ ብዙ አይናገርም፤ ድንገተኛ ድምፅ ይረብሸዋል። ሆኖም የአጎቱ ልጅ ስትዳር እሱም ቤተ ዘመድ ነው፤ ቦታው ከእኛው ጋር ነው።

እንዲያውም ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ከአውሮፕላን መርከብ ይሻላል ባይ ነኝ። አውሮፕላን ላይ ልጁ ቢጮህ መሄጃ የለም፤ ቀበቶ አስሮ መቀመጥ ነው። መርከብ ላይ ግን በር ያለው የራሳችሁ ክፍል አላችሁ፤ መተላለፊያው ረጅም ስለሆነ መመላለስ ሲያሰኘው ይመላለስበታል። በመኪና ከገባችሁ ደግሞ የተርሚናሉን ግፊያ ትገላገላላችሁ። አንድ ነገር ብቻ አስቀድማችሁ እወቁ፦ መርከቡ ከተነሳ በኋላ መኪናው ወዳለበት ፎቅ መመለስ አይፈቀድም። መድኃኒቱ፣ የሚያቅፈው ትራስ፣ የጆሮ መከለያው፣ ቅያሪ ልብሱ ሁሉ ይዛችሁት በምትወጡት ሻንጣ ይሁን።

መስመርም ይመረጣል። የቱርኩው መርከብ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት አካባቢ ይደርሳል፤ የሄልሲንኪው ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ተነስቶ የሚደርሰው ረፋዱ ላይ ነው። ብዙ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አጭሩን ይመርጣል። እኔ ልጁ ከእንቅልፉ ሲቀሰቀስ የሚከፋው ከሆነ ረጅሙን እመክራለሁ፤ በራሱ ጊዜ ነቅቶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ተረጋግቶ ይወርዳል። ከዚያ በፊት ግን ውኃ ላይ መሆን ምን እንደሚመስል ይቅመሰው። ከስሉሰን ወደ ዩርጎርደን የምትመላለሰው ጀልባ በተለመደው የአውቶቡስና የባቡር ካርድ ታሳፍራለች፤ ቅዳሜ ከሰዓት ይዛችሁት ሂዱ።

ዋናው ጉዳዬ ግን ሌላ ነው። ቲኬት ስትቆርጡ ልዩ እርዳታ የሚያስፈልገው ተሳፋሪ ካለ ትጠየቃላችሁ። የእኛ ሰው ያንን ቦታ ባዶውን ይተወዋል። አንዲት የማውቃት እናት ለምን እንደማትሞላው ስጠይቃት «የልጄ ስም በዚህ እንዲመዘገብ አልፈልግም» አለችኝ። ስሜቷ ይገባኛል። ያደግነው እንዲህ ያለ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ በሚገባበት አገር ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፍተው ስለ ልጃቸው በአደባባይ መናገር ሲጀምሩ፣ የገጠማቸው ይኸው ዝምታ ነበር። ዝምታው ባሕር ተሻግሮ አብሮን መጥቷል።

ቤት ውስጥ ዝምታ ልብ ይጎዳል። መርከብ ላይ ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ኤስቶኒያ የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 1994 ከታሊን ወደ ስቶክሆልም ስትጓዝ በሌሊት ሰጠመች፤ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀባትም፤ 852 ሰዎች ሞቱ። ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም፤ ዛሬ የእነዚህ መርከቦች ደኅንነት ከዚያን ጊዜ እጅግ የተሻለ ነው። ከተሻሻሉት ነገሮች አንዱ ግን በቀጥታ እኛን ይመለከታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ረጅም ጉዞ የሚሄድ መርከብ የተሳፋሪዎቹን ስም መመዝገብ ብቻ ሳይሆን፣ በአደጋ ጊዜ ልዩ እርዳታ እንደሚያስፈልገው የተናገረ ተሳፋሪ ካለ ያንንም ይይዛል። «የተናገረ» ነው የሚለው። ያልተናገረ አይመዘገብም።

እስቲ አስቡት። የአደጋ ደወሉ ሰባት ጊዜ አጠር አጠር ብሎ፣ ከዚያ አንዴ ረዝሞ ይጮኻል። የኔ ልጅ ይህን ሲሰማ ወደ በሩ አይሮጥም፤ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ካልጋው ሥር ይገባል። ሠራተኛው በር አንኳኩቶ ስሙን ቢጠራው አይመልስም። ያ ሠራተኛ ይህን አስቀድሞ ካወቀ ጎንበስ ብሎ አልጋው ሥር ያያል። ካላወቀ ክፍሉ ባዶ መስሎት ወደሚቀጥለው ያልፋል። እኛ ወላጆቹ አጠገቡ ባንሆንስ? አንዳችን ምግብ ልናመጣ ወጥተን፣ ሌላችን ተዝለፍልፈን ብንሆንስ?

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የአውሮፓ ኅብረት የባሕር ተሳፋሪዎች መብት ደንብ ቁጥሩ 1177/2010 ነው፤ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2012 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ኩባንያው ተሳፋሪን በአካል ጉዳት ወይም በአእምሮ ዕድገት ውስንነት ምክንያት ቲኬት አልሸጥም ማለት አይችልም፤ ከዚህ የሚለየው እንደ ደኅንነት ያለ እውነተኛ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው። ወደብ ላይም መርከብ ላይም የሚሰጠው እርዳታ ያለ ክፍያ ነው። ከእናንተ የሚጠበቀው ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ማስታወቅ ነው፤ የተለየ ክፍል ከፈለጋችሁ ደግሞ ገና ቲኬቱን ስትቆርጡ መናገር። ስትደውሉ «ልጄ ትንሽ አስቸጋሪ ነው» ብላችሁ አታድበስብሱት። ኦቲዝም አለበት፤ ሲጠሩት አይመልስም፤ ሲደነግጥ ይደበቃል፤ ወረፋ አይችልምና ቀድመን ወይም መጨረሻ ላይ እንግባ በሉ።

ሌሊቱን በተመለከተ፣ ክፍሉ ወደ መርከቡ መሐል፣ ዝቅ ካሉት ፎቆች በአንዱ ላይ ቢሆን መወዛወዙ ይቀንሳል። መስኮት የግድ አያስፈልግም። በሰኔና በሐምሌ እዚህ ሰማዩ በደንብ ሳይጨልም ስለሚነጋ፣ ብርሃን ካለ ለማይተኛ ልጅ መስኮት አልባው ርካሽ ክፍል ከውዱ ይሻለዋል። ለማቅለሽለሽ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ፤ በተለይ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ከሆነ።

መጸዳጃ ቤቱን ግን ማንም አይነግራችሁም። ውኃ በመልቀቅ ፈንታ በአየር ይመጥጣል፤ ቁልፉ ሲጫን የሚያወጣው ድምፅ ድንገተኛና ኃይለኛ ነው። ይህን አንዴ የሰማ ልጅ እስከ ጠዋት ድረስ ሽንቱን ይዞ ሊያድር ይችላል። መላው ቀላል ነው፤ ልጁ ጨርሶ ይውጣ፣ በሩ ይዘጋ፣ እናንተ ውስጥ ሆናችሁ ቁልፉን ተጫኑ።

የክፍሉ በር ከውስጥ ያለ ቁልፍ ይከፈታል፤ ለደኅንነት እንዲያ መሆን አለበት። ልጁ ሌሊት ወጥቶ እንዳይሄድ ብላችሁ ግን በሩን በሻንጣ አትዝጉት። እጀታው ላይ ትንሽ ቃጭል አንጠልጥሉ፤ አንዳችሁም ከበሩ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ ተኙ። ልጁ እጅ ላይ የምታስሩት አምባር የስልክ ቁጥር ብቻ ከያዘ አይጠቅምም፤ መሐል ባሕር ላይ የየብስ ኔትወርክ ይጠፋል። የክፍሉን ቁጥር ጻፉበት። ልብስ ሲጠብቅበት አውልቆ የሚጥል ልጅ ላይፍ ጃኬትን የመጀመሪያ ቀን የሚለብሰው በጭንቅ ሰዓት መሆን የለበትም፤ የዋና ሰደርያ ገዝታችሁ ቤት ውስጥ እየተጫወተ ይልመደው። የደወሉንም ድምፅ ከስልክ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሰሙት።

ምግብ ላይ አትጨነቁ። አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ የሚበላ ልጅ የመርከቡን ቡፌ ዞር ብሎም አያየውም። እኛ የድርቆሽ ፍርፍር በፔርሙዝ ይዘን እንገባለን፤ ክፍላችን ውስጥ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ይበላል። ክፍል ውስጥ ምግብ ማሞቂያ መሰካት ክልክል ነው። ቀንም ይመረጣል፤ አርብና ቅዳሜ ማታ መርከቡ በጠጪና በጭፈራ ይሞላል፤ የሳምንቱን መሐል ብትመርጡ ሌሊቱ ሌላ ነው።

ሰው ያያል። መተላለፊያው ላይ እጁን እያራገበ ሲመላለስ ያዩታል፤ አንዳንዱ ልጁን ወደ ራሱ ይስባል። ይዩ። ከማያውቀን መንገደኛ ዓይን ይልቅ ስሙን ዝርዝር ላይ የያዘው ሠራተኛ ለእኔ ይበልጥብኛል።

ነሐሴ ላይ የምትሄዱ ካላችሁ 48 ሰዓት የመጨረሻው ገደብ ነውና እስከዚያ አትጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ደውሉ። ስዊድንኛው የሚከብዳችሁ ትልልቅ ልጆቻችሁን ወይም ጎረቤታችሁን አስደውሉ። ብቻ መርከቡ ሳይነሳ ይወቁ።