ጽሑፋችንን ሳታነቡ አታሠልጥኑን
ለኦንላይን የድርሰት ሥልጠና አዘጋጆችና አሠልጣኞች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ አዘጋጆችና አሠልጣኞች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከሞያሌ ነው፤ ከኬንያው ሞያሌ፣ ከማርሳቢት ካውንቲ። ከተማችን በአንድ ስም እየተጠራች ለሁለት አገር የተከፈለች ናት። አዲስ አበባም ሆነ ናይሮቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቁናል። በገበያችን ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ቡርጂኛ፣ ስዋሂሊና አማርኛ ጎን ለጎን ይሰማሉ። እኔ በምኖርበት በኩል ግን የአማርኛ መጽሐፍ የሚሸጥ ሱቅ አላውቅም። ስለዚህ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ስብሰባውን ሁሉ ወደ ስልክ ሲያስገባው፣ በሽታው እያስጨነቀንም ቢሆን፣ ለእኛ ለራቅነው አንድ በር እንደተከፈተልን ተሰማኝ። ያንን በር የከፈታችሁት እናንተ ናችሁና አመሰግናችኋለሁ። የምወቅሳችሁም በሩ እንዲዘጋ ፈልጌ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ለስድስት ሳምንት ሥልጠና ተመዘገብኩ። ክፍያው በብር ነበር፤ እኔ ደግሞ ያለኝ የኬንያ ኤምፔሳ ነው። ማዶ ያለች የአክስቴ ልጅ በቴሌብር ከፈለችልኝና ሺሊንጉን በእጇ ሰጠኋት። «ሥራችሁን ላኩ፣ ባለሙያ ያየዋል» ስለተባለ ዘጠኝ ገጽ አጭር ልብወለዴን በቴሌግራም ላክሁ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን ከመቶ በላይ ስም ስክሪኑ ላይ ይደረደራል፤ ማይካችሁን ዝጉ እንባላለን፤ አሠልጣኙ ስለ ታሪክ አወቃቀር፣ ስለ ገጸ ባሕርይ፣ ራስን ስለ ማስተዋወቅ ሁለት ሰዓት ይናገራሉ። ኔትወርኩ ሲቆራረጥብኝ ከኬንያው ሲም ወደ ኢትዮጵያው ሲም እየቀያየርኩ እስከ መጨረሻው ተከታተልኩ። በስድስተኛው ሳምንት የምስክር ወረቀት ደረሰኝ። ከላክሁት ፋይል ጎን ግን ያለችው አንዲት ምልክት ብቻ ናት። ቴሌግራም የሚጠቀም ሁሉ ያውቃል፤ አንደኛዋ መልእክቱ መላኩን፣ ሁለተኛዋ መነበቡን ትናገራለች። ሁለተኛዋ እስከ ዛሬ አልመጣችም።

ነገሩ በእኔ ላይ ብቻ የደረሰ ቢሆን ለአዘጋጆቹ በግል ጽፌ እተወው ነበር። በሌሎች ሥልጠናዎች ያለፉ ጓደኞቼ የነገሩኝም ይህንኑ ስለሆነ ነው በአደባባይ የምጽፈው። ስለ መጻፍ ብዙ ይነገረናል፤ የጻፍነውን የሚያነብልን ግን የለም። የድርሰት ሥልጠና የሠልጣኙን ድርሰት ካላነበበ ንግግር ነው እንጂ ሥልጠና አይደለም።

ማንበብ ምን ያህል እንደሚያስተምር ያየሁት ከሥልጠናው በኋላ ነው። እነዚያን ዘጠኝ ገጾች አትሜ ማዶ ለሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የአማርኛ መምህር ሰጠኋቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ታሪኩ ዘይት በጄሪካን እያመላለሰች ልጆቿን ስለምታሳድግ ሴት ነው። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ሁለት ቃል ላይ በእርሳስ አክብበውበታል፤ አንደኛው ገጽ ላይ «ባጃጅ»፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ «ቱክቱክ»።

«አንቺ ልጅ፣» አሉኝ፣ «ይቺ ሴትዮ መቼ ነው የተሻገረችው?»

ያንኑ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ በኢትዮጵያ በኩል ባጃጅ፣ በኬንያ በኩል ቱክቱክ እንለዋለን። ወዲያ በቀኝ ይነዳል፣ ወዲህ በግራ። ሴትዮዋን አንደኛው ገጽ ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ አሳፍሬ ሦስተኛው ገጽ ላይ ኬንያ አውርጃታለሁ፤ ኬላውን ያለፈችበትን፣ ልቧ የመታበትን፣ ጄሪካኑን በነጠላዋ የሸፈነችበትን ሰዓት ግን አልጻፍኩትም። የታሪኩ ልብ የጎደለው እዚያ ላይ ነበር። ስድስት ሳምንት ስለ ታሪክ አወቃቀር ሰምቼ ያላየሁትን፣ ጋሼ በሁለት የእርሳስ ክብ አሳዩኝ። ይህን ሊያሳየኝ የሚችለው ገጼን ያነበበ ሰው ብቻ ነው።

ይህ አሠራር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ብቻ አይቀመጥም። ቆጠራ ይወጣል፤ ብቻውን ሆኖ የራሱን ያዘጋጃል፤ ተመልሶም ይናገራል፤ የተሰበረው ይቃናለታል፣ የጎደለው ይሞላለታል። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚወጣው እንዲህ በየደረጃው እየታረመ ነው። ተማሪው ሲበዛም መምህሩ ብቻቸውን አይሸከሙትም፤ ቀድሞ የገባው የጀማሪውን ይሰማል። ሰሚ ያጣ ቅኔ ይዞ የሚመረቅ ግን የለም።

የምኖርባት ኬንያም የራሷ ምሳሌ አላት። እ.ኤ.አ. በ1977 ሊሙሩ አጠገብ ባለችው ካሚሪዙ መንደር ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ በኪኩዩ ቋንቋ «ንጋሂካ ንዴንዳ» የተሰኘውን ተውኔት ሲያዘጋጁ፣ ረቂቁን ለገበሬውና ለፋብሪካ ሠራተኛው አነበቡለት። መንደርተኛው ሽማግሌ እንዲህ አይናገርም፣ ይህ ተረት እዚህ አይገባም እያለ አረመው። መንግሥት ተውኔቱን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከለከለው፤ በዓመቱ መጨረሻም ንጉጊ ዋ ቲዮንጎን አሰረው። ያም ሆኖ እነዚያ ደራሲዎች ጽሑፋቸውን ወደ አንባቢው ጆሮ ይዘው በመሄዳቸው ምን እንዳገኙ ንጉጊ በኋላ በጻፋቸው መጻሕፍት መስክረዋል።

ድሮ ረቂቅ አንብቦ የማረሙን ሥራ አርታኢው ይሠራው ነበር። በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት አርታኢ የነበሩት አማረ ማሞ ስለ ልብወለድ አጻጻፍ መጽሐፍ ጽፈው አስተምረዋል፤ በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ደግሞ የሌሎችን ረቂቅ መስመር በመስመር ያነቡ ነበር። ዛሬ ብዙው ደራሲ ከኪሱ አውጥቶ ነው የሚያሳትመው፤ ረቂቁም ከኮምፒውተር በቀጥታ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። በመካከሉ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ። እናንተም ካላነበባችሁ የመጀመሪያው እውነተኛ አንባቢያችን መጽሐፉን በገንዘቡ የገዛው ሰው ይሆናል፤ ያኔ ደግሞ ማረም አይቻልም።

«ብዙ ሰው ለመድረስ ነው፤ ባለሙያውም ጊዜ የለውም» እንደምትሉ አውቃለሁ። እስቲ አብረን እናስላው። አሥራ ሁለት ሠልጣኝ ዘጠኝ ዘጠኝ ገጽ ቢያመጣ 108 ገጽ ነው፤ ለስድስት ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 18 ገጽ ይደርሳል። ይህ ቅዳሜ ማታ ለንግግር ከምታውሉት ሁለት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። መቶ ሰው ከመጣም በየአሥራ ሁለቱ ክፈሉትና እርስ በርሱ ይነባበብ፤ አሠልጣኙ በየሳምንቱ ከየቡድኑ አንድ ጽሑፍ ያንብብ። እንደ እኔ ኔትወርክና ዳታ ለሚቸግረው ሰው ይህ መንገድ ይቀላል። የሁለት ሰዓት ቪዲዮ ዳታዬን ይጨርሰዋል፤ አሥር ገጽ ጽሑፍ ግን ከአንድ ፎቶ ያነሰ ነው፤ አስተያየቱን የያዘ የአምስት ደቂቃ የድምፅ መልእክትም ኔትወርክ ሲመለስ ይወርድልኛል።

ስለ ቋንቋችንም አንድ ቃል። ከድንበር የመጣ አማርኛ ስታዩ በችኮላ አታቅኑት። «ቱክቱክ» በሞያሌ አማርኛ ስህተት አይደለም። ጋሼ ቃሉን ወደ ባጃጅ ለውጪው አላሉኝም፤ መቼ እንደተለወጠ ጠየቁኝ እንጂ። የሰፈራችንን ንግግር አጥባችሁ የአዲስ አበባ ስታደርጉት የምንነግራችሁ ታሪክ አብሮ ይታጠባል።

ከደራሲነት ስለ መኖርም ታስተምራላችሁ፤ ይህ ክፍል ግን በአብዛኛው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ መክፈትና ተከታይ ማብዛት ሆኗል። እኛ የሚቸግረን ሌላ ነው። የአሳታሚ ውል ምን ይመስላል? መብቴን ለስንት እትም ነው የምሰጠው? አከፋፋዩ ያልተሸጠውን መጽሐፍ ሲመልስ ሂሳቡ እንዴት ይዘጋል? የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑ፣ ለወራሾቹም ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት መብት ይሰጣል። ብዙዎቻችን ይህን ሳናውቅ ነው ረቂቃችንን አስረክበን የምንመጣው። የደራሲውን ስም ሸፍናችሁ አንድ እውነተኛ ውል ስክሪን ላይ አውጡና አንቀጽ በአንቀጽ አንብቡልን። ያን ማታ ዳታዬ እስኪያልቅ እከታተላለሁ።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ስንት ሰው እንደምትመዘግቡ ከመወሰናችሁ በፊት ስንት ገጽ ማንበብ እንደምትችሉ ወስኑ። ንግግሩን አሳጥሩና ገጾቹን አስቀድሙ። አስተያየት ከሰጣችሁ በኋላ ያንኑ ጽሑፍ ታርሞ ሲመጣ ዳግመኛ ተቀበሉት፤ ድርሰት የሚማሩት በሁለተኛው ጽሑፍ ነውና። የምስክር ወረቀቱንም ለተገኘ ሰው ሁሉ ሳይሆን ጽሑፉ ለተነበበለትና ላረመ ሰው ስጡ።

ዘጠኝ ገጽ የነበረው ታሪኬ አሁን አሥራ አንድ ሆኗል። በአዲሶቹ ሁለት ገጾች ሴትዮዋ ከባጃጅ ወርዳ ጄሪካኗን ተሸክማ ኬላውን በእግሯ ታልፋለች፤ ማዶ ስትደርስም «ቱክቱክ!» ብላ ትጣራለች። በሚቀጥለው ዙር ስትመዘግቡ እልክላችኋለሁ። እባካችሁ አንብቡት፤ ካልወደዳችሁትም የቱ ላይ እንደሰለቻችሁ ጻፉልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የእናንተው ሠልጣኝ
ሞያሌ፣ ኬንያ