ዘር ከልጓም ይስባልን?

«ዘር ከልጓም ይስባል» የሚል የቆየ ምሳሌያዊ አነጋገር አለን። ፈረሰኛ በልጓም የሚመራው ፈረስ እንኳ ከልጓሙ ይልቅ የዘሩ ጠባይ እንደሚያይልበት ሁሉ፣ ሰውም ከምክርና ከትምህርት ይልቅ በትውልድ ሐረጉ ይጎተታል ማለት ነው። በዚህ አባባል የሚያምን ሰው አንድ ልጅ በትምህርቱ ቢበረታ «የአባቱ ልጅ ነው» ይላል፤ ቢሰርቅ ወይም ቢደባደብ ደግሞ «ከዘሩ የመጣ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። አባባሉ ፈጽሞ ሐሰት ነው አይባልም። ይሁን እንጂ እውነቱ የት ላይ እንደሚያበቃ ካልተለየ በሰው ላይ ከባድ በደል ያስከትላል።

በመጀመሪያ እውነቱን እንመልከት። ሰው ከእናቱ 23፣ ከአባቱም 23 ክሮሞሶሞችን ይወርሳል። ጂን የሚባሉት የውርስ ቅንጣቶች የሚገኙት በእነዚህ ላይ ነው። አንጎልና ነርቮች የሚገነቡት በጂኖች መመሪያ በመሆኑ፣ ውርስ የዐይንን ቀለምና ቁመትን ብቻ ሳይሆን ጠባይንም ይነካል። ይህም በይበልጥ የታወቀው መንትዮችን በማጥናት ነው። ከአንድ ፅንስ የተከፈሉ መንትዮች የሚወርሱት ጂን አንድ ዐይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ቶማስ ቡሻርድ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁር በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ በሕፃንነታቸው ተለያይተው በየፊናቸው ያደጉ መንትዮችን ማጥናት ጀመሩ። ከአንድ ፅንስ የተገኙት፣ በተለያየ ቤት ቢያድጉም እንኳ፣ በጠባይና በአእምሮ ችሎታ ፈተና ውጤት በእጅጉ ተመሳስለው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በ50 ዓመታት ውስጥ በዓለም ዙሪያ ከ14 ሚሊዮን በሚበልጡ ጥንድ መንትዮች ላይ የተደረጉትን ምርምሮች አሰባስቦ መረመረ። በልዩ ልዩ ባሕርያት ረገድ በሰዎች መካከል ለሚታየው ልዩነት የውርስ ድርሻ በአማካይ 49 በመቶ ሆኖ አገኘው።

ይህ አኃዝ ግን በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። የሚናገረው ስለ ብዙ ሰዎች ልዩነት እንጂ ስለ አንድ ሰው አይደለም። የአንድን ተማሪ ጠባይ ወስደን «ግማሹ ከዘሩ፣ ግማሹ ከአስተዳደጉ ነው» ብለን ልንከፍለው አንችልም። ገበሬ ከአንድ ማሳ ያፈሰውን ጤፍ «ይህኛው ቁና የዘሩ፣ ያኛው የዝናቡ ነው» ብሎ ሊለየው ይችላልን? ዘር ያለ ዝናብ አይበቅልም፤ ዝናብም ያለ ዘር አዝመራ አይሆንም። የሰው ጠባይም እንዲሁ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር፣ በዘር የመጣ ሁሉ የማይለወጥ አለመሆኑ ነው። ለዚህ ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባለው በሽታ ግሩም ማስረጃ ይሆነናል። እ.ኤ.አ. በ1934 ኖርዌያዊው ሐኪም አስብዮርን ፎሊንግ እንደ ደረሱበት፣ ይህ በሽታ ያለበት ልጅ በምግብ ውስጥ የሚገኘውን ፌኒልአላኒን የተባለ ንጥረ ነገር ሰውነቱ በአግባቡ ሊጠቀምበት አይችልም። ንጥረ ነገሩ በደሙ ውስጥ እየተጠራቀመ አንጎሉን ይጎዳዋል፤ ልጁም አእምሮው ሳይዳብር፣ ጠባዩም እየታወከ ያድጋል። በሽታው የሚመጣው ጉድለት ያለበትን ጂን ከእናትም ከአባትም በመውረስ ነው። እንግዲህ ከዚህ የበለጠ የዘር ዕጣ ከየት ይገኛል? ሆኖም ሆርስት ቢከል የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በእንግሊዝ አገር፣ በሽታው ላለባት አንዲት ሕፃን ያ ንጥረ ነገር የተቀነሰበት ምግብ ቢያዘጋጁ ለውጥ አዩ። ዛሬ ሕፃኑ በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተረከዙ በሚወሰድ ጠብታ ደም በሽታው ከታወቀና ምግቡ ወዲያው ተለይቶ ከተሰጠው፣ እንደ እኩዮቹ ተምሮ ለማደግ ይችላል። ጂኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማዕዱ ነው። እነሆ፣ ልጓም ዘርን ሳበ!

ይህን ያልተገነዘቡ ሰዎች ያደረሱት ግፍ በታሪክ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1927 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ «የአእምሮ ድክመት በዘር ይተላለፋል» በሚል ምክንያት ሰዎችን ያለ ፈቃዳቸው ማምከን ሕጋዊ ነው ሲል ፈረደ። በ1933 በጀርመን የወጣው የናዚዎች ሕግ ደግሞ 400,000 ያህል ሰዎችን መካን አድርጓል። በአገራችንም ቢሆን አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ክፋት በደማቸው እንዳለ ተቆጥሮ «ቡዳ» እየተባሉ ከጋብቻና ከማኅበር ሲገለሉ ኖረዋል። ገበሬው አንጥረኛው በቀጠቀጠው ማረሻ እያረሰ፣ ቤተሰቡም ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ምጣድ እንጀራ እየጋገረ፣ የሠሪዎቹን ልጆች ግን ናቀ። ሙያን ከክፋት ጋር አያይዞ የሚያወርስ ጂን ግን የለም። ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረው የተሰዳቢው ክፋት ሳይሆን የተሳዳቢው ንቀት ነው።

«ጠባይ በከፊል ከዘር ከመጣ፣ አጥፊ በጥፋቱ እንዴት ይጠየቃል?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በእኔ አስተያየት ይህ የተሳሳተ አመለካከት ነው። ጂን ዝንባሌን ይሰጣል እንጂ እጅ ይዞ አያሰርቅም። ቶሎ የመቆጣት ዝንባሌን ይዞ የተወለደ ሰው ቁጣውን መግታት ከሌላው ይልቅ ይከብደው ይሆናል፤ መልመድ ግን ይችላል። እንዲያውም ዝንባሌውን ማወቁ ቀድሞ እንዲጠነቀቅ ይረዳዋል።

ስለዚህ «ከዘሩ ነው» የሚለው ቃል ምርመራን የሚጀምር እንጂ ፍርድን የሚዘጋ መሆን የለበትም። ትምህርት የከበደው ወይም ጠባዩ ያስቸገረ ጓደኛ ሲያጋጥመን የአያቱን ስም ከመቁጠር ይልቅ ምን እንደ ጎደለው እንጠይቅ። ምናልባት የጎደለው ምግብ፣ ዕረፍት፣ መነጽር ወይም የሚያስጠናው ሰው ሊሆን ይችላል። ያ ሕፃን የዳነው ዘሩ ተቆጥሮ ሳይሆን የሚያስፈልገው ነገር ተፈልጎ በመገኘቱ ነውና።