የማሳደጊያው ፋይል የማን ነው?



ከማሳደጊያ ቤት ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ የተላከ ልጅ አድጎ ዘመዶቹን ሲፈልግ ከምን ይጀምራል? የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለሄዱት ለብዙዎቹ ያለው ማስረጃ ማሳደጊያው የያዘው ፋይል ነው፤ ማን አመጣው፣ ከየትኛው ቀበሌ፣ በምን ቀን።

ፋይሉም ቢሆን ጣጣ አያጣውም። የኛ ሰው ዘሩ የሚቈጠረው በአባቱና በአያቱ ስም ነውና፣ የአባት ስም በጉዲፈቻ ሲለወጥ ክሩ እዚያው ይበጠሳል። የልደት ዓመቱ በግምት ይጻፋል፤ የእኛው አቈጣጠር ሳይቀየር ከተገለበጠ ደግሞ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይዛነፋል። እናቱ በሕይወት ሳለች «ወላጅ የሌለው» ተብሎ የተጻፈለትም አለ። (ይህን የጻፈው ሰው እንዴት እንቅልፍ ወሰደው?)

በጥር 2010 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ሲከለክል ነገሩ ያበቃ የመሰለን ብዙዎች ነን። ለሄዱት ግን አላበቃም። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ራሱ፣ ጉዲፈቻ የተደረገ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደ ተጠበቀ ይቆያል ይላል። ታዲያ ፋይሉ ተቈልፎ ግንኙነቱ በምን ይጠበቃል?

«የእናቲቱ ምስጢር ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ እንግዲያው እርሷ ትጠየቅ። ስለ እርሷ ሆኖ እንቢ የማለት መብት የመዝገብ ቤት ሹም የለውም።

ማሳደጊያ ሲዘጋ ወረቀቱ ለአይጥና ለእርጥበት ይቀራል። የሕግና የታሪክ ተማሪዎች መዝገቦቹን መገልበጥ እንችላለን። መምህራን ፈቃዱን ያስገኙልን፤ ክረምቱን እንደሆነ ሥራ ፈት ነን።