ስለ ተከራይና ስለ ውሻው በውል ጊዜ እንነጋገር

በሠፈራችን ክፍል የሚያከራይ ሰው ተከራይ ሲመጣለት የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ስንት ናችሁ? የት ነው የምትሠሩት? እንግዳ ይበዛባችኋል ወይ? ውሃና መብራቱን እንዴት እንካፈል? በመጨረሻ «ውሻ ድመት አልፈልግም» ይባላል፤ ተከራዩም «ኧረ የለንም» ይላል፤ በዚሁ ያልቃል። ያልቃል ስንል ለዚያ ቀን ብቻ ነው። ሦስት ወር ሳይሞላ ከክፍሉ ውስጥ የቡችላ ድምፅ ይሰማል። ልጆቹ ከመንገድ አንሥተው ያመጡት ይሆናል፤ ወይም ዘመድ ቤት ሰንብቶ በማታ በካርቶን የገባ ነው። ከዚያ ወዲያ በየዕለቱ ጭቅጭቅ ነው።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ ማኅበራችን ይህን ጉዳይ ለማንሣት የተገደደው ለሽምግልና በሚመጡልን የአከራይና የተከራይ ጠቦች ውስጥ የውሻና የድመት ነገር እየበዛ ስለ መጣ ነው። ከመካከላችን አብዛኞቻችን አከራዮች ስለ ሆንን ለተከራይ አድልተው ነው እንደማንባል ተስፋ አለን። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፤ ደረቅ ክልከላ ለሠፈሩ አልበጀም። የተከለከለ እንስሳ አይጠፋም፣ ይደበቃል። የተደበቀ ውሻ ደግሞ አይከተብም፣ ባለቤት ነኝ የሚልለትም የለም። ሰው የነከሰ ዕለት «የኛ አይደለም፣ ዝም ብሎ የሚገባ ነው» ይባላል።

ቀደም ሲል አከራይ ሲከፋው «ወሩ ሲያልቅ ልቀቁልኝ» ብሎ ይገላገል ነበር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ግን ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። እንግዲህ መጀመሪያ በአፍ ብቻ «አልፈልግም» ተባብለን ያለፍነውን ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ አብረነው እንኖራለን ማለት ነው። ስለዚህ ውሉ ሲጻፍ ነገሩ በግልጽ ይግባ እንላለን። የማይፈቅድ አከራይ አለመፍቀዱን ያስጽፍ፤ መብቱ ነው። የሚፈቅድ ግን «ፈቅጃለሁ» ብቻ ብሎ አይለፈው። ስንት እንስሳ እንደ ሆነ፣ ሌሊት የት እንደሚያድር፣ ኩሱን ማን እንደሚጠርግ፣ ሰዎቹ ለበዓል ክፍለ ሀገር ሲሄዱ ማን እንደሚያበላው ይጻፍ። ይቺ የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች እንጂ በሠፈራችን ሌሊቱን ሙሉ የሚያስለቅሱን ውሾች ብዙዎቹ ተቆልፎባቸው የተራቡ ናቸው።

አንዳንድ ሰዎች «የውሻ መያዣ» ብለው ተጨማሪ ገንዘብ ለማስቀመጥ እንዳሰቡ ሰምተናል። አዋጁ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መቀበልን ይከለክላልና በውሻ ስም ዙሮ መምጣቱ አያዋጣም። ጉዳት ከደረሰ የጉዳቱን ልክ ማስከፈል ይቻላል፤ የተቧጨረ በር አናጺ አይቶ ዋጋውን ይነግረናል። ሰው ቢነከስም ሕጉ አዲስ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 ላይ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ሳይታሰብ አምልጦ ቢሆንም እንኳ። «ገመዱን በጥሶ ነው» ማለት አያድንም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን የክትባቱ ነገር ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ከመታየቱ በፊት ግን መከላከል ይቻላል። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያም በየዓመቱ ይታደሳል። አከራይ የተከራዩን መታወቂያ እንደሚጠይቅ ሁሉ የውሻውን የክትባት ወረቀት ይጠይቅ፤ ድመትም ብትሆን ከበሽታው ነፃ አይደለችም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል ይጠብ፤ ዕለቱንም ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበሉንም ሆነ የሚያምንበትን ሌላ ነገር መከልከላችን አይደለም፤ ጤና ጣቢያው ግን ይቅደም። «ትንሽ ነው የጫረችኝ» እያሉ ቀን ማሳለፍ አደገኛ ነው። ልጆች ደግሞ ቁጣ ፈርተው ስለሚደብቁ፣ ስለ ውሻ ንክሻ ሲናገሩ አንቆጣቸው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ተከራይ ውሻ አያምጣ የሚለው አከራይ ራሱ ውሻ አለው፤ ያውም ቀን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ቧንቧው አጠገብ የሚታሰር፣ ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን የሚለቀቅ። ተከራይዋ ከሥራ ስትገባ በር ላይ ቆማ «ኧረ ውሻውን ያዙልኝ!» ስትል ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ኪራይ እየከፈለች ወደ ገዛ ክፍሏ ለመግባት ታመለክታለች! ልጇ ውሃ ሊቀዳ ሲሄድ ውሻው ይዘልበታል። ይህ ለሌባ ተብሎ የተያዘ ውሻ ነው ይባላል፣ እሺ፤ ግን ከተከራይ የምንጠይቀውን ክትባትና ሥርዓት ከራሳችን ውሻ መጀመር አለብን። የገባንበት ውል አንዱን ወገን ብቻ የሚያስር መሆን የለበትም።

ድመትን በሚመለከት ብዙ የምንለው የለንም። ድመት አልፈልግም ያለው አከራይ አይጥ የጤፉን ጆንያ የቀደደ ዕለት «እስቲ ያቺን ድመታችሁን ለዛሬ አውሱን» ሲል ያልሰማ ጎረቤት ጥቂት ነው። በግም ቢሆን ለፋሲካ ደጃፍ ላይ ታስሮ ሁለት ሌሊት ሲጮህ ማንም አቤት አይልም፣ ሁሉም ያለው ስለ ሆነ ይሆናል። ግቢ ለምንጋራ ሰዎች ግን አንድ ነገር መነሣት አለበት። የውሻ ለሃጭ የነካውን ልብስ ሳያጥቡ የማይሰግዱ ጎረቤቶች አሉን። ባለ ውሻው ይህን አውቆ ውሻውን ከልብስ ማስጫውና ከመተላለፊያው ቢያርቅ ምንም አይጎድልበትም። እነሱም ደጋግመው ለመናገር ያፍራሉ፤ አከራዩ ነው በጊዜ ሊናገርላቸው የሚገባው። በኮንዶሚኒየሙ በኩል ያላችሁም በረንዳ ላይ ውሻ አስራችሁ ስትውሉ ከታች ልብስ የሚያሰጣ ሰው እንዳለ አስቡ።

ከሁሉ የሚከፋው የመልቀቂያው ቀን ነው። ዕቃው በአይሱዙ ተጭኖ፣ ፍራሹ ከላይ ታስሮ፣ ልጆቹ ጋቢና ገብተው መኪናው ሲነሣ ውሻው በር ላይ ይቀራል። አዲሱ አከራይ አልፈቀደማ! ውሻ በበላበት ይጮሃል እንደሚባለው፣ ያ ውሻ ሌላ ሠፈር አይሄድም፤ እዚያው በር ላይ ሳምንት ያህል ይተኛል። ከዚያ ወደ ቆሻሻ መጣያው ወርዶ ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀላል። ለኪዳንም ሆነ ለሱብሂ ገና ሳይነጋ የሚወጡ ሽማግሌዎቻችንን የሚከቡት፣ ማለዳ ተማሪ የሚያባርሩት እነዚህ ናቸው። ታዲያ አንዱ ተነሥቶ መርዝ በሥጋ አድርጎ ይጥላል፤ መርዙን የሚበላው ግን የተፈለገው ውሻ ብቻ አይደለም፣ ሕፃንም የወደቀ ነገር ያነሣል። መርዝ መጣልን ማኅበራችን አጥብቆ ይቃወማል።

ስለዚህ አከራዮች፣ ቁልፍ ስትረከቡና የመብራት ቢሉን ስታዩ «ውሻውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይዘነው እንሄዳለን ካሉ መልካም፤ የሚወስዱበት ከሌላቸው ለሚያሳድግ ሰው እስኪሰጡ አንድ ሁለት ሳምንት ታገሡ። ተከራዮችም አዲስ ቤት ስትፈልጉ ለደላላው ስለ ውሻችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ሁለት ሦስት ቤት ያመልጣችሁ ይሆናል እንጂ ውሻውን በር ላይ አትጥሉም።

ከዳቦ ቤቱ ማዶ ባለፈው ወር የለቀቁ ተከራዮች የተዉአት ቡናማ ውሻ አሁን አራት ቡችሎች አሏት፤ ባለ ሱቁ ፍርፋሪ ይሰጣታል። ክትባት ግን አላገኘችም። ቡችላ የሚፈልግ፣ ወይም ለክትባቱ የሚያዋጣ ሰው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በማኅበሩ ቢሮ ሊያነጋግረን ይችላል።