በፊልም ያልታየው የመቀሌ አፍላ ወጣት

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ 14 ዓመቱ የነበረ የመቀሌ ተማሪ፣ ወደ ክፍሉ ሲመለስ 17 ዓመት ሞልቶት ነበር። ወረርሽኙ ሳያባራ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተቀሰቀሰ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ቢፈረምም፣ የትምህርት ቤት ደወል እንደገና የተሰማው ከወራት በኋላ ነው።

ልጅ ወደ ጉልምስና የሚሻገርባቸው እነዚህ ዓመታት እንዴት እንዳለፉ ለማወቅ ወደ ፊልም የሚዞር ተመልካች ብዙ አያገኝም። በአገር ውስጥ ፊልሞች ጎልቶ የሚታየው የአዋቂዎች የከተማ ፍቅርና ቀልድ ነው። የተማሪ ደንብ ልብስ ለብሰው የሚተውኑትም ብዙ ጊዜ የትምህርት ዘመናቸውን ያለፉ ተዋንያን ናቸው። ገጸ ባሕርይው ተማሪ ይባል እንጂ ፍርሃቱም ሆነ ዝምታው የተማሪ አይደለም።

ከዚህ ልማድ ከወጡት ሥራዎች አንዱ በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የተዘጋጀው «ድፍረት» ነው። ፊልሙ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈችና ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለች የ14 ዓመት የገጠር ልጅን ታሪክ፣ ከእውነተኛ የፍርድ ቤት ጉዳይ ተነሥቶ ይተርካል። እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም ሆነ በበርሊን የፊልም ፌስቲቫሎች የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ጉዳዩ በተከሠተበት ዘመን ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር። ይህ ማምለጫ የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ፊልሙ ለተመልካች ያሳየው ግን ከአንቀጹ ጀርባ ያለችውን ልጅ ነው።

ለመቀሌ ይበልጥ የሚቀርበው ሌላው ሥራ፣ በአዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ እስራኤል የሄደችው አለምወርቅ ዳቪድያን እ.ኤ.አ. በ2018 ያቀረበችው «ፊግ ትሪ» ነው። ታሪኩ በ1981 ዓ.ም. አካባቢ፣ በደርግ የመጨረሻ ዘመን የተፈጸመ ነው። የ16 ዓመቷ ሚና ወደ እስራኤል ለመሄድ ከቤተሰቧ ጋር ትጠብቃለች፤ ጓደኛዋ ኤሊ ደግሞ ለጦር ሜዳ ከሚያፍሱት ሰዎች ይደበቃል። በየካቲት 1981 ዓ.ም. የደርግ ጦር መቀሌን ለቆ ሲወጣ በከተማዋ የነበሩ ዛሬ ወላጅ የሆኑ ሰዎች፣ ያንን ስጋት ከማንም በላይ ያውቁታል። ልጆቻቸውም በተራቸው ሌላ ጦርነት አይተዋል።

እውነትን የሚያሳይ ፊልም የራሱ ኃላፊነት አለበት። «ድፍረት» በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል፣ ታሪኳ የተወሰደው ሴት ባቀረበችው አቤቱታ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታግዷል። የሰውን ቁስል ለሕዝብ የሚያሳይ ሰው በቅድሚያ የባለቤቱን ፈቃድ ማግኘት እንዳለበት ይህ ክሥተት ያስረዳል። ታሪኩ የአፍላ ወጣት ሲሆን ጥንቃቄው ይበረታል፤ ዛሬ በእሺታ የተናገረ የ15 ዓመት ልጅ ነገ ሊጸጸት ይችላልና።

በመቀሌ ሊነገር የሚገባው ብዙ ነው። ከእድሜ ታናናሾቹ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጦ የሚማር ተማሪ አለ። የመማሪያ ክፍሉ የተፈናቃዮች መኖሪያ የሆነበት አለ። በአፋርና በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ለመድረስ ከቤተሰቡ ተሰውሮ የወጣም አለ። አርሶ አደሩ አባትም ሆነ የከተማዋ እናት የልጁን መሄድ የሚሰሙት ብዙ ጊዜ ከሄደ በኋላ ነው። ልጅ በማዕድ ዙሪያ ደፍሮ የማይናገረውን ነገር፣ ወላጅ ከልጁ ጋር ተቀምጦ በሚያየው ፊልም ሊረዳው ይችላል።

ለዚህ ትልቅ ገንዘብ ከሁሉ አይቀድምም። ተዋናዩ በእድሜው ልክ ይሁን፤ ቋንቋው የሰፈሩ ትግርኛ ይሁን፤ ታሪኩም በልጁና በወላጁ ፈቃድ፣ ስም ሳይገለጥ ይነገር። በ2012 ዓ.ም. 14 ዓመታቸው የነበሩት ዛሬ ሃያዎቹ ውስጥ ገብተዋል፤ ካሜራውን ራሳቸው ሊይዙት ይችላሉ። የሚያስፈልጋቸው የሚያስተምራቸውና ሥራቸውን የሚያሳይላቸው ነው።