ሰባ ስምንቱ የት ደረሱ?

በዚህ ዘመን ለወጣት አንባቢ የሚጻፈው ልብ ወለድ፥ የሚሠራውም ፊልም አንድ ፈሊጥ ይዟል። ይኸውም በጥንቱ ተረት ክፉ ተብሎ የተወገዘውን ሰው አንሥቶ፥ «ይህ ሰው ክፉ ከመሆኑ በፊት ምን ነበረ? ማንስ በደለው?» እያሉ ልጅነቱንና ቁስሉን መተረክ ነው። አሜሪካዊው ግሬጎሪ ማጓየር በ1995 እ.ኤ.አ. «ዊክድ» በተባለው መጽሐፉ የኦዝን አገር ክፉ ጠንቋይ ከልደቷ ጀምሮ ጻፈላት፤ መጽሐፉም በኋላ በመድረክም በፊልምም ታየ። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው «ማሌፊሰንት» በተባለው ፊልም ደግሞ፥ ሕፃኗን ልዕልት የረገመችው ፍጥረት ቀድሞ የምትወደው ሰው ክንፏን የቈረጠባት ምስኪን ሆና ቀረበች። ማሪሳ ማየር በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው «ሃርትለስ»፥ «አንገቱን ቍረጡት!» እያለች የምትጮኸው የልብ ንግሥት በልጅነቷ ኬክ ጋግራ ከመሸጥ ሌላ ምኞት ያልነበራት ልጅ ነበረች። እንዲህ ያሉት መጻሕፍት በመኝታ ቤታችን ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፉ ሌሊቱን ሲያስነብቡን ያድራሉ።

መጻሕፍቱን አንጠላቸውም። ክፋትን ከእናቱ ማኅፀን ይዞ የተወለደ ሰው እንደሌለ ያስተምራሉና፥ ይህ ብቻውን ቀላል ትምህርት አይደለም። ነገር ግን ሦስተኛውንና አራተኛውን ስንጨርስ አንድ ነገር ታዘብን። የሁሉም አሠራር አንድ ነው። አንድ ሰው ይወድዳል፥ ይከዳል፥ ይቈስላል፥ ከዚያ በኋላ ያ የምናውቀው ክፉ ሥራ ይመጣል፤ እኛም መጽሐፉን የምንዘጋው ለቈሰለው እያለቀስን ነው። የተቃጠለው መንደር ግን በታሪኩ ዳር እንደ ጭስ ታይቶ ይጠፋል። በመንደሩ ውስጥ ማን ማን እንደነበረ የሚጠይቅ የለም።

ፈሊጡን አዲስ የፈረንጅ ግኝት አድርገው የሚያወሩልን ጓደኞች አሉ። እኛ ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ተማሪዎች ግን በዚህ አንስማማም። አገራችን ድጓ ለማስመስከር ወደ ቤተልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አባ የሚጓዘው የቆሎ ተማሪ የሚመላለስበት አገር ነው። ተማሪው አኩፋዳውን አንጠልጥሎ በየደጁ ሲለምን ቁራሽ ይቀበላል፥ ወሬና ተረትም ያቀብላል። ስለዚህ የክፉን ሰው ልጅነት የሚናገር ታሪክ ከምድጃ ዳር የሰማነው ፊደል ሳንቈጥር ነው፤ እርሱም የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው።

በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚወሳውን ይህን ታሪክ የማያውቅ አንባቢ አይኖርም ብለን እናስባለን። የቅምር ሰው የሆነው በላዔ ሰብእ ሰባ ስምንት ነፍስ በላ፤ ከበላቸውም መካከል የገዛ ቤተ ሰቦቹ ይገኙባቸዋል። በመጨረሻ ውሃ የጠማው አንድ ቍስለኛ ድኻ በእመቤታችን ስም ቢለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው፤ ያችም ጥርኝ ውሃ በሚዛን አዳነችው። ተአምሩ ይህ ነው። ሕዝቡ ግን በዚህ አልረካም። «ሰውዬው ሰው መብላትን ከየት ተማረው?» ብሎ ጠየቀ፤ መልሱንም ራሱ ተረከው። ሰውዬው መጀመሪያ እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ፥ ደግ ሰው ነበር፤ ሥላሴን በቤቱ ለማስተናገድ ይመኝ ነበር፤ ሰይጣን ይህን አይቶ ሦስት ሽማግሌዎች መስሎ መጣ፤ የሰባውን ፍሪዳ አንፈልግም፥ ልጅህን እረድልን አለው፤ አርዶ ባቀረበም ጊዜ አንተ አስቀድመህ ቅመስ ተባለ፤ ከቀመሰ በኋላ ልቡናው ተለወጠ። እንግዲህ ለማሌፊሰንት ክንፏን የቈረጠ ሰው እንደ ተፈለገላት፥ ለበላዔ ሰብእም ያታለሉት እንግዶች ተፈልገውለታል። ያውም የእርሱ የከፋ ነው፤ ያጠፋው ደግነቱ ነውና።

ልዩነቱ ከዚህ ላይ ነው። አያቶቻችን ለበላዔ ሰብእ ደግ ልጅነት ሰጡት፥ ምሕረትም ሰጡት፤ ሰባ ስምንቱን ግን ከሚዛኑ አላወረዱለትም። ቍጥራቸው ተይዞ በአንደኛው ሰሐን ላይ ተቀምጧል። ተራኪዋ ባልቴት ከዚያ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሰባ ስምንት ነፍስ!» ትላለች እንጂ «ጥቂት ሰዎች» ብላ አታልፍም። ሰባ ስምንቱ ባይመዘኑ ኖሮ ጥርኝ ውሃዪቱም ምንም ባልመዘነች ነበር። በፈረንጁ መጽሐፍ ግን ሚዛኑ አንድ ሰሐን ብቻ ያለው ይመስላል።

አሁን ከተረት ወደ ታሪክ፥ ከሩቅም ወደ ደጃችን እንምጣ። በእኛ ሥነ ጽሑፍ የዚህ ፈሊጥ ትልቁ ባለቤት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። መሬቷን ለተቀነሰችባት ቤተ ክርስቲያንና በ1859 ዓ.ም. ለተዘረፈችውና ለተቃጠለችው ለጎንደር ካህናት እሳቸው ሌላ ሰው ነበሩ፤ አለቃ ወልደ ማርያም የጻፉት ዜና መዋዕልም ጭካኔያቸውን አልደበቀም። ከብዙ ዓመት በኋላ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ እንባ»ን፥ አቤ ጉበኛም በ1961 ዓ.ም. «አንድ ለናቱ»ን አሳተሙ። የሁለቱ መጻሕፍት ርእስ ብቻውን ነገሩን ይናገራል። አንዱ የንጉሡን እንባ ያሳያል፥ ሌላው ንጉሡን የእናታቸው ልጅ ያደርጋል። የቋራው ካሣ ልጅነት ከትውልድ ትውልድ ሲተረክ የኖረ ነው፦ የኮሶ ሻጭ ልጅ የሚለው ስድብ፥ ገዳም ገብቶ ሲማር ወራሪ መጥቶ ሕፃናቱን ሲፈጅ ማምለጡ፥ ቈስሎ ተኝቶ ሳለ ከእቴጌ መነን ቤት የተላከለት አንድ ብልት ሥጋ። እነዚህን የሰማ ወጣት ንጉሡ በኋላ የሠሩትን ሁሉ ቢሰማ አይፈርድም፤ አስቀድሞ ወድዷቸዋልና። እኛም ወድደናቸዋል። የተበታተነችውን አገር አንድ ለማድረግ የደከሙትን ድካም፥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ የሞቱትንም ሞት አናሳንስም።

ነገር ግን እኛ የምናስበው መንገዱን ነው። በጋፋት የተሠራው ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የገባው በአየር በርሮ አይደለም። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ከተነሡ በኋላ በጋይንት በኩል፥ በጨጨሆ አድርገው፥ ወደ ዋድላና ደላንታ ሲሻገሩ ስድስት ወር ያህል ፈጅቷል። ተራራው እየተናደ፥ ገደሉ እየተደለደለ፥ በመቶ የሚቈጠር ሰው በጠፍር እየጎተተ ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በየታሪክ መጽሐፉ እናነባለን፤ ይህም ሁልጊዜ በአድናቆት ይነገራል። ያ ሁሉ ሠራዊት ስድስት ወር ሙሉ የበላው ግን የማንን ገብስ ነበር? በጌምድር በእነዚያ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በራሱ ንጉሥ ሠራዊት ሲዘረፍ፥ ገበሬውም በየስፍራው ሲሸፍት እንደነበረ የታወቀ ነው። ጐተራው የተገለበጠበት የጋይንት ገበሬም ልጅነት ነበረው። እርሱም ለእናቱ አንድ ነበረ ይሆናል። በእርሱ እንባ የተሰየመ መጽሐፍ ግን በቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ላይ አላገኘንም።

የዮዲት ጉዲት ነገር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ዐረባዊው ጸሐፊ ኢብን ሐውቀል በ10ኛው ምእት ዓመት እ.ኤ.አ. የሐበሻን አገር ሴት እንደ ገዛችው ጽፏል፤ ከዚህ የቀረውን አፈ ታሪክ ሞልቶታል። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ዮዲት ከነገሥታት ዘር ተወልዳ በአክሱም የተዋረደች ቆንጆ ነበረች፤ አንድ ዲያቆን ቢወድዳት የጽዮንን የወርቅ መጋረጃ ቀዶ ጫማ አሠራላት፤ በዚህ ሳቢያ የእርሷ ጡት ተቈርጦ ተሰደደች፤ በሰው አገር አግብታ ተመለሰችና አክሱምን አጠፋች። ሌባው ዲያቆኑ፥ ጡቷ የተቈረጠው እርሷ! ተረቱን ለዘመናት ያቈዩት እርሷን የሚረግሙ ሰዎች መሆናቸውን ስናስብ ይህን ቍስል ሳይደብቁ መንገራቸው ያስገርመናል። ለወጣቶች የሚጽፍ ሰው ቢነሣ እዚህ ላይ ብዙ የሚሠራው አለ።

እስከ አሁን የተናገርነው በእውነት ስላጠፉት ነው። በተረት ክፉ የተባለ ሁሉ ግን አጥፍቶ አይደለም። በገጠራችን «ቀን ሰው ሌሊት ጅብ» እየተባለ በቡዳነት የሚታማው ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ናቸው። በምድጃ ዳር ተረት ቡዳ ልጅነት የለውም፤ ቡዳ ሆኖ ተወልዶ ቡዳ ሆኖ ይሞታል፥ ልጆቹም እንደዚያው። ገበሬው ማረሻውን ከእርሱ ያሠራል፥ ሚስቲቱም ምጣዱንና ጀበናውን ከእርሷ ትገዛለች፤ ሆኖም ከቤታቸው እህል አይቀምሱም፥ ከልጆቻቸውም ጋር አይጋቡም። ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ብረትና ሸክላ የያዙት ስለምንድር ነው? በ15ኛው ምእት ዓመት እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት አይኑረው ብለው እንዳወጁና ቤተ እስራኤልም ርስታቸውን እንዳጡ በትውፊት ይነገራል። መሬት የሌለው ሰው ምን ያድርግ? እሳት አንድዶ ብረት ይቀጠቅጣል፥ ጭቃ ለውሶ ማሰሮ ይሠራል። እኛ በበኩላችን «ከዚህ በፊት ምን ነበረ?» የሚለው ጥያቄ እጅግ የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያሉት ይመስለናል። መልሱ ሲገኝ ክፉው ሰው ይጠፋና አንድ የእጅ ባለሙያ ይቀራል፤ የምንመዝንበትም ሰባ ስምንት ነፍስ የለም። አንዳንዶቻችን ያደግነው እንዲህ ያለው ሰው በገበያ ሲያልፍ ልጅ በሚሸሸግበት መንደር ነውና ነገሩ የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የአገራችን ሽፍታ ታሪክም ሁሉ የሚጀምረው በበደል ነው። ርስቱን ቀምተውት፥ ዳኛ አዳልቶበት፥ ወንድሙ ተገድሎበት ጫካ ገባ ይባላል። እውነትም ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን የሚዘርፈው ያን ዳኛ ሳይሆን ቅዳሜ ገበያ ውላ ጨው ይዛ የምትመለሰውን ሴት ነው። አዝማሪው ስለ ሽፍታው ይዘፍናል፤ ስለ ሴትዮዋ ሲዘፍን አልሰማንም።

ይህን ሁሉ እንድንጽፍ ያስገደደን የተረት ፍቅር ብቻ አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ነፋስ መውጫን ይዘው በቈዩባቸው ጥቂት ቀናት ስለ ደረሰባቸው የመደፈር ግፍ 16 ሴቶች የሰጡት ቃል በአምነስቲ ኢንተርናሽናል ዘገባ በ2014 ዓ.ም. ወጥቷል። ይኸው ድርጅት ነፋስ መውጫ ከመያዟ አንድ ቀን አስቀድሞ፥ የኤርትራና የኢትዮጵያ ወታደሮች የአማራም ኃይሎች በትግራይ ሴቶች ላይ ስለ ፈጸሙት ተመሳሳይ ግፍ የ63 ሴቶችን ቃል አውጥቶ ነበር። በሻይ ቤት ይህ ነገር ሲነሣ ምን እንደምንባባል ሁላችን እናውቀዋለን። አንዱ የ63ቱን ቃል ያነሣና 16ቱን ያስረሳል፤ ሌላው የ16ቱን ያነሣና 63ቱን ያስረሳል። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ታጣቂ ከቍስሉ፥ የሌላውን ከጥይቱ ይጀምራል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም ጦርነቱ ወደ ራሳችን ክልል ገብቶ ሳለ ይኸው አነጋገር አልተለወጠም። ነፋስ መውጫ ያለች አንዲት ሴት የደፈራት ወታደር ልጅነቱ ምን ይመስል እንደነበረ የመስማት ዕዳ የለባትም። ዓዲግራት ያለችውም የለባትም። የአንዷ መከራ ለሌላዋ መከራ መቅድም ሊሆን አይችልም።

እዚህ ላይ ጓደኞቻችን «እንግዲያውስ የበዳዩን ታሪክ አትጻፉ ማለታችሁ ነው? ሥነ ጽሑፍ ችሎት አይደለም!» ብለው እንደሚነሡብን እናውቃለን፤ ተነሥተውብናልም። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በላዔ ሰብእን ያለ ሦስቱ ሽማግሌዎች ብንተርከው ከጅብ ተረት አይለይም፤ ሰው እንዴት አውሬ እንደሚሆን ሳናውቅ እንቀራለን፥ ይህን አለማወቅም አደገኛ ነው። ወታደሩም ቢሆን ከአንድ ጎጆ የወጣ የአንዲት እናት ልጅ ነውና ማን ምን ብሎ እንደ ላከው፥ ምንስ እንዳስቈጣው መጻፍ አለበት። የምንለው ጸሐፊው የበዳዩን ጎጆ ለመጐብኘት የሚደክመውን ያህል ጉልበት የተበዳዩንም ጎጆ ለመጐብኘት ያውለው ነው። የልብ ንግሥት ኬኳን እንዴት እንደምትጋግር ገጽ በገጽ ሲነገረን፥ አንገቱ ይቈረጥ የተባለበት አትክልተኛ እንኳን ታሪክ ስም ባይኖረው፥ ደራሲዋ ያልደከመችበት ሥራ አለ ማለት ነው። «ሥነ ጽሑፍ ችሎት አይደለም» የሚለውን እንቀበላለን፤ ነገር ግን አንዱን ብቻ ቃል አስሰጥቶ ሌላውን ደጅ የሚያስቈም ከሆነ ከመጥፎ ችሎት የሚለየው ምንድር ነው?

የአማርኛ ክፍል ጓደኞቻችን ለዚህ መጽሔት ስለ ቴዎድሮስ የጻፏቸው ግጥሞችና አጫጭር ድራማዎች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም በመቅደላ አፋፍ ላይ ያልቃሉ። ከመካከላችን አንዱ አሁን የጀመረው ድራማ ግን ከጨጨሆ በታች በአንዲት የገብስ አውድማ ላይ ይከፈታል። ጊዜው ኅዳር 1860 ዓ.ም. ነው። ባልና ሚስት እህላቸውን ሳይወቁ ለመቅበር ይከራከራሉ፤ ከሩቅ የመንኰራኵር ድምፅ ይሰማል። ንጉሡ በድራማው ውስጥ አይታዩም።